ጧፍ የለበሰ ሽቦ

የዚያን መኪና ኮፈን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የአይጥ ጎጆ ነው። ከሞተሩ ጎን ባለው ጥግ፣ አይጧ ከሽቦዎቹ ላይ የነጨችውን ጥጥ አከማችታ፣ ልጆቿን ወልዳ፣ አሳድጋ ሄዳለች። ክረምቱን ሙሉ ማንም አልነካትም። እኔ ግን በዚያች ጎጆ ምክንያት ልሞት እንደምችል ሲገባኝ ጎማውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

መኪናው ከወረራው በፊት የአንድ የጎጃም ባላባት ነበር። ጣሊያን ባሕር ዳር ሲገባ ወረሰው፤ የጦሩ ሹምም ሰው ፊት የሚቀርብበት አደረገው። ክረምቱን ጣና ዳር፣ ዋርካ ሥር ቆሞ ከረመ። የሐይቁ እርጥበት ሽቦዎቹ የለበሱትን ጨርቅ አበሰበሰው፤ ከጨርቁ ሥር ያለው ጎማ ደግሞ ከዘመን ብዛትና ከሞተሩ ሙቀት የተነሣ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በጣቴ ስነካው ይረግፋል፤ መዳቡ ራቁቱን ይቀራል። ራቁት ሽቦ ብረት ከነካ ኮረንቲው መንገዱን ስቶ ብልጭ ይላል፤ ሞተሩም ቀጥ ይላል፤ ሲብስም ይቃጠላል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሊቅም አልነበርሁም። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ዳዊት ደግሜ ዜማ ጀምሬ ሳለሁ ጣሊያን መጣ። ወታደሮች ድንጋይ ተሸከም ብለው ከመንገድ ለቀሙኝ፤ ድንጋዩን ጋራዡ ደጅ ሳራግፍ ጣሊያኑ መካኒክ ቀጫጭን ጣቶቼን አይቶ ጠራኝ። የእሱ ወፍራም እጅ በማይገባበት የእኔ ይገባል። በዚያው ቀረሁ። እኩዮቼ ዱር ቤቴ ብለው ሲወጡ አልወጣሁም። ለምን የሚለኝ ካለ መልሱ አጭር ነው፤ ፈሪ ነበርሁ። ፈሪ ለናቱ ይባል የለ፤ እኔም ለእናቴ ቀረሁላት።

አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር እያደርን፣ ከአንድ መሶብ እየበላን፣ ለእኔ የሚሉትን ለእናቴ ይነግሯታል፤ እሷ ለእኔ ትነግረኛለች። እኔ ፊታቸው ተቀምጬ። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር፤ በኋላ ማሳቁ ቀረ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ውሻ በበላበት ይጮሃል እያለ ሲያልፍ ሲያገድም ይወጋኛል። እኔ ግን መጮኹንም እፈራ ነበር።

ፍርሃቴ ከመሬት የበቀለ አልነበረም። ከእኔ በፊት በጋራዡ የሚሠራ አንድ ያገሬ ሰው ነበር። እሱ የጠገነው ካሚዮን መንገድ ላይ ቆመ፤ አርበኞች ደርሰው የተጫኑትን ወታደሮች ፈጇቸው። በማግስቱ ሰውየውን ሆን ብለህ ነው ብለው ሐይቁ ዳር አቁመው ረሸኑት። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽቦ የሚቆርጥበት ፒንሳ ለእኔ ተሰጠኝ። እንዳያንሸራትተው ነው መሰለኝ እጀታውን በቀይ ክር ጠምጥሞታል። ክሩን ሳልፈታው ሠራሁበት። መፍታቱንም መያዙንም እኩል እፈራ ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው፤ ክረምት ወጥቶ ወባ የበረታበት። ጣሊያኑ መካኒክ በወባ ተይዞ በሦስት ብርድ ልብስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አስጠራኝና በተሰባበረ አማርኛው ሹሙ ሐሙስ ጠዋት በዚያ አሮጌ መኪና በጎንደር መንገድ ይፋግ ድረስ እንደሚሄድ፣ እስከዚያ ሽቦው ሁሉ መጠገን እንዳለበት ነገረኝ። መንገድ ላይ ከቆመስ ብዬ አልጠየቅሁም። እሱ ግን ሳልጠይቀው በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ዳር በጣቱ አሳየኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ያዘነልኝ ይመስለኛል። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

ሹሙ ይፋግ የሚሄደው የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ እንዲገብር ነው። ሕዝቡ አልገብርም ብሎ ስላስቸገረ፣ ከባሕር ዳር አንድ የተከበረ የቤተ ክርስቲያን ሰው ይዞ ሄዶ፣ በሰው ሁሉ ፊት እጁን ወንጌል ላይ አስጭኖ ለጣሊያን መንግሥት ሊያስምለው አስቧል። ካህን ከማለ ሕዝቡ ይከተላል ብሎ ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ ለማወቅም አልፈለግሁም። የእኔ ጭንቅ ሽቦው ነበር።

አዲስ ሽቦ የለም። ናስትሮ የሚሉት፣ ሽቦ የሚጠቀለልበት ጥቁር ጨርቅም አልቋል፤ ዕቃ የጫነው ካሚዮን ከጎንደር ተነሥቷል ከተባለ በኋላ ወሬው ጠፍቷል። የመሪጌታ ልጅ በጨነቀው ጊዜ ምን ያስባል? ጧፍ አሰብሁ። የድሮው ሽቦ የለበሰው ፈትል ነው፤ እርጥበት እንዳይገባው የሚጠብቀው ከሥሩ ያለው ጎማ ነው። በጎማው ፈንታ ፈትሉ ሰም ቢጠጣስ? ሰም ውሃ አያስገባም፤ ይጣበቃል፤ ይለጠጣል። ሐሳቡ ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጧፍ ይዤ ስቆም፣ ሰሙ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ያደግሁ ሰው፣ ጧፍ የሚሠራው እንዲቀልጥ መሆኑን ረሳሁት።

በሰፈራችን ጧፍ የሚሠሩት አባቴ ነበሩ። ያን ሰሞን ለኅዳር ጽዮን በዓል ነጭ ፈትል እያከረሩ፣ በቀለጠ ሰም እየነከሩ፣ ግድግዳው ላይ በተወጠረ ጠፍር እየሰቀሉ ነበር። ማታ ገብቼ ለእናቴ ስለት እንዳለብኝ፣ ጧፍ እንደምፈልግ ነገርኋት። አባቴ እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። እናቴ ዞራ ነገረቻቸው። ተነሡና ከጠየቅሁት እጥፍ የሚሆን ፈትል አውርደው መደቡ ላይ፣ አጠገቤ አኖሩልኝ። ለማን የተሳልሁት እንደሆነ አልጠየቁም። ልጄ ወደ እግዚአብሔር ሊመለስ ነው ብለው ተስፋ እንዳደረጉ ከእጃቸው አቀማመጥ ገባኝ። አፈርሁ። ጧፉን ግን ወሰድሁት።

ማክሰኞን ሙሉ ስጠመጥም ዋልሁ። ሽቦውን አንድ በአንድ እየፈታሁ፣ የረገፈውን ጎማ እየጠረግሁ፣ መዳቡን በአመድ እያሸሁ፣ ፈትሉን ጥግት ጥግት አድርጌ አለበስሁት። የጣሊያኑን ጽሑፍ ስለማላነብ የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ እንዳይጠፋኝ በቋጠሮ ለየሁት፤ የባትሪው አንድ ቋጠሮ፣ የመብራቱ ሁለት፣ ቤንዚኑን ወደሚለኩሱት ካንዴላዎች እሳት የሚልኩት ሦስት ሦስት። ሲያልቅ ሞተሩ አዲስ ልብስ የለበሰ መሰለ። የራሴን እጅ ሥራ አይቼ መደሰቴን አልደብቅም።

ረቡዕ ጠዋት አስነሣሁት። በመጀመሪያው ዙር ተነሣ። ውዳሴ ማርያም ተደግሞ እስኪያልቅ ያህል እንደ ድመት ሲያንኮራፋ ቆየ። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር የቤተ ክርስቲያን ሽታ መጣ። በሠርክ ጸሎት፣ ብዙ ሰው ጧፍ ይዞ ሲቆም የሚሸተው ሽታ። ስከፍተው ሰሙ ከየሽቦው እየቀለጠ በጋለው ብረት ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ያለው ፈትል ጠቁሮ መጨስ ጀምሯል። ዓይኔ እያየ አንዱ ሽቦ ከልብሱ ተንሸራተተና ብረቱን ነካ። ብልጭ አለ፤ ሞተሩ ጠፋ። የያዝሁት ጨርቅ ከእጄ ወደቀ። ነገ ጉማራ ወንዝ ሳይደርስ እንደሚቆም በዚያች ቅጽበት አወቅሁ። የይፋግ መንገድ የሚያቋርጠው የጉማራ ዙሪያ ደግሞ አርበኞች የሚያደፍጡበት ነው።

እንደዚያ ፈዝዤ ቆሜ ሳለሁ ሹፌሩ መጣ። ከጣሊያን ጋር ከሰሜን የመጣ፣ ለጣሊያን ያደረ አስካሪ ወታደር ነው፤ ወሬ ይወዳል። ነገ ከሹሙ ጎን የሚቀመጠው ካህን ማን እንደሆነ ታውቃለህ አለኝና የአባቴን ስም ጠራ። እንቢ ቢሉ ደብሩ ይቃጠላል ተብለው እሺ ማለታቸውንም ነገረኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። እጄን ሳልታጠብ ወደ ቤት ሮጥሁ።

አባቴ ደጃፉ ላይ፣ ጥላው ሥር፣ ፈትል ያከርራሉ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች፤ መካከላችን የሚያመላልስ ሰው የለም። ፊታቸው ተንበረከክሁ።

“አባዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ጧፉ ለስለት አይደለም። ነገ እርስዎ የሚሄዱበት መኪና ሽቦ ላይ ጠምጥሜዋለሁ። ሲሞቅ ይቀልጣል። ጉማራ ሳይደርስ ይቆማል።”

ፈትሉን ከእጃቸው አኖሩ። እኔ እርግማን እጠብቃለሁ። የጽዮንን ጧፍ ለጣሊያን መኪና ያዋለ ልጅ ሌላ ምን ይጠብቃል? ቀና ስል ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

“ይቆማል?” አሉኝ። ሁለት ዓመት ያልሰማሁት፣ ለእኔ የተላከ ድምፅ።

“ይቆማል።”

“ልጄ፣ እኔ አንተን ባንዳ ብዬ ቀብሬህ ነበር። ይቅር በለኝ።”

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሏቸዋል። ጧፉን ያለበስሁት መኪናው አርበኞቹ ዘንድ እንዲቆም፣ እሳቸውም ሳይምሉ እንዲቀሩ መስሏቸዋል። አላወቅሁም ነበር፣ ድንቁርና ነው ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ሁለት እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልናገር? ዝም አልሁ። ከሕይወቴ ሁሉ የምጸጸተው በዚያ ዝምታ ነው ብል ውሸት ነው፤ የባሰ አለ።

ሰኞ መልእክተኛው ከመጣባቸው ጀምሮ እህል እንዳልቀመሱ፣ ይፋግ ሳይደርሱ እንዲሞቱ ሲለምኑ እንደነበር ነገሩኝ። ደብሩ እንዳይቃጠል መሄድ አለባቸው፤ ከሄዱ መማል አለባቸው። እኔ መሐል ላይ በር ከፈትሁላቸው። ይገድሉዎታል፣ ተኩሱ ሰው አይመርጥም አልኋቸው።

“እጄን ወንጌል ላይ ጭኜ ለጣሊያን ከምምል፣ ጉማራ ላይ ብቀር ይሻለኛል” አሉ። “አንተ ግን ሳይነጋ ጥፋ። እናትህን ይዘህ በታንኳ ወደ ደሴቱ ተሻገር።”

ታንኳውን የሚያሻግረን ጎረቤታችን ሙስሊም ሽማግሌ ነው፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ከደንገል ታንኳ ይሠራል። ከአባቴ ጋር በሃይማኖት ቢለያዩም የልብ ወዳጆች ናቸው። አባቴ ባሉኝ መሠረት ሄድሁ። ታንኳው ደርቆ፣ ተጠፍሮ፣ ውሃው ዳር ተገልብጧል። ሽማግሌው ምንም ሳይጠይቁኝ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እናቴን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ። መሸሻው ፊቴ ተዘርግቷል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በአባቴ ፈቃድ የሚሆን ነው። ያን ሁሉ አውቃለሁ።

ግን ውሃውን አየሁት፤ የጣሊያን ጥበቃ ከማዶ በመነጽር ያያል። ከተያዝን? ባንያዝስ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ የአባቴ ሬሳ ሲመጣ? ዓይኔን ከውሃው ሳነሣ ከጎጆው ጣሪያ ሥር፣ ለዓሣ ወጥመድ የተቀመጠ የመቃ እስር አየሁ። ጭስ የጠገበ፣ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ ክፍት። መቃ አውቃለሁ፤ አባቴ ብዕር ሲቀርጹበት ቢላውን እንድይዝ አስተምረውኛል። ደረቅ መቃ ሙቀት አያቀልጠውም። ሽቦ ደግሞ ያልፍበታል።

“መቃውን ይስጡኝ” አልሁ።

ሽማግሌው ታንኳውን አዩ፤ እኔን አዩ። “ታንኳውስ?” አሉ።

“አልሄድም።”

ተነሥተው እስሩን አወረዱልኝ። ለምን እንደሆነ ያወቁ ይመስለኛል። ለአባቴ እነግራለሁም፣ አልነግርምም አላሉ።

ከቀትር እስከ ጀምበር መግቢያ ሠራሁ። መቃውን በአጭር በአጭሩ ቆርጬ፣ ሽቦው ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ሰካሁት፤ በሚታጠፍበት ቦታ ትንንሹን፣ ቀጥ ባለበት ረጅሙን። የቀለጠውን ሰም በፈላ ውሃ አጠብሁት። ጧፉን የተውሁት ከሙቀቱ ርቆ፣ እርጥበት በሚገባበት በታች በኩል ብቻ ነው። ጣቶቼ በመቃው ስንጥር ደሙ። ሞተሩን አስነሥቼ ጀምበር ጣና ውስጥ እስክትገባ አቆየሁት። አልጨሰም። አልቆመም። ለእናቴ ጭራሽ አልነገርኋትም።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። መኪናው አጠገብ ቆሜ ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ደሴቱ ላይ ነኝ ብለው ነበር። ቀጥሎ ፊታቸው በራ። ከእሳቸው ጋር ልሞት የቀረሁ መስሏቸዋል። ሲያልፉ እጄን ጨበጥ አደረጉና ከሹሙ ጎን ተቀመጡ። ሹፌሩ አስነሣ። ሞተሩ እንደ ልቤ አልተንቀጠቀጠም፤ እርጋታው ያስጠላ ነበር። ወታደር የጫነ ካሚዮን ተከተላቸውና በጎንደር መንገድ ሄዱ።

ያን ቀንና በማግስቱ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ሞተር በሰማሁ ቁጥር እነሣለሁ። የምፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ መቃው እንዳይሰነጠቅና እንዳይቆሙ፣ ሳይቆሙ ደርሰውም አባቴ ምን እንደሚሉኝ። የመጀመሪያውን ፍርሃት እግዚአብሔር አራቀልኝ።

ዓርብ ወደ ማታ መኪናው ተመለሰ። ሹሙ እየሳቀ ወረደ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አንድ ፓኮ ሲጋራ ሰጠኝ። አባቴ እያዩኝ ተቀበልሁት። እሱ ከሄደ በኋላ አባቴ ወደ መኪናው ፊት ዞረው ኮፈኑን በመቋሚያቸው ነካ አደረጉት። ከፈትሁላቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ጣታቸውን ሰድደው አንዱን መቃ ዳሰሱ፤ አቆራረጡን፣ ጫፉን። ያን አቆራረጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

“ማልሁ” አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጧፍ ሁሉ አውርደው ለደብሩ ላኩት። ከዚያ ወዲያ ጧፍ አልሠሩም፤ ማኅሌትም አልቆሙም። ወንጌል የነካ እጄ ረክሷል አሉ እንጂ ለማንም ምክንያቱን አላስረዱም። እኔን ግን ያናግሩኝ ጀመር። ላሚቱ ጠገበች ወይ፣ ውሃ መጣ ወይ፣ በሩን ዝጋ። የሁለት ዓመቱን ዝምታ ተመኘሁት፤ በዝምታው ውስጥ ቢያንስ ይጠብቁኝ ነበር።

ጣሊያን ወጣ። አባቴ ብዙ ዓመት ኖረው በአልጋቸው ላይ ሞቱ፤ ልጆቼን አቅፈው ስመዋል። ልጆቼም አድገው ታሪኩን ሲጠይቁኝ አባቴን ከሞት አተረፍሁ እላቸዋለሁ። እውነት ነው፤ ተርፈዋል። አያታችሁ መሞት ፈልገው ነበር፣ እኔ ግን ስለምወዳቸው እንቢ አልሁ ብዬ የምጨርሰው ግን እውነት አይደለም። ያን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መቃውን ስቆርጥ ያሰብሁት አባቴን አልነበረም። በእጄ የነበረውን የዚያን የተረሸነ ሰው ፒንሳ፣ በእጀታው ላይ የተጠመጠመውን ቀይ ክር ነበር።